ወንዝ መንገዱን ሲለቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ወንዝ ወሬ ሲነሳ ዞሮ ዞሮ የሚመጡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። እዚህ አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንዝ የምር አቅጣጫውን ይቀይራል?

የምር ይቀይራል። ግን ሰው «ወንዙ አቅጣጫ ቀየረ» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያደበላልቃል። አንዱ፣ ወንዙ እዚያው ሸለቆው ውስጥ ሆኖ ጥምዙን ወደ ጎን ሲያንሸራትት ነው። ይሄ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በዓይን ይታያል። ሌላው፣ የድሮ መሄጃውን ጨርሶ ትቶ በሌላ በኩል ሲወጣ ነው፤ ለዚህኛው ሲዘጋጅ መቶ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ሲሆን ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ሦስተኛው ደግሞ ወደ ምዕራብ ይፈስ የነበረ ወንዝ ወደ ምሥራቅ መፍሰስ ሲጀምር ነው። እሱ የሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሥሩ ያለው መሬት ካልተነሳ ወይም ካልሰመጠ አይሆንም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሦስተኛው ስለሆነ ከሱ እንጀምር።

ውሃ ቁልቁል ነው የሚፈሰው አይደል? ታዲያ እንዴት ወደ ኋላ ይዞራል?

ውሃው መቼም ቢሆን ቁልቁል ነው የሚፈሰው። ቁልቁሉ ራሱ ነው የሚቀየረው።

ትልልቅ ወንዞች የሚፈሱበት ተዳፋት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ብዙ ሰው አይገምትም። ኢኪቶስ የምትባለው የፔሩ ከተማ አማዞን ዳር ናት። በወንዙ መንገድ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ 3,600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባህር ጠለል ያላት ከፍታ ግን 100 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። አካፍሉት። በ1 ኪሎ ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም! የዓለም ትልቁ ወንዝ የሚሄደው በዚህች ዝቅታ ተማምኖ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ውሃ አፍስሱና ተመልከቱ። ውሃው ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። አሁን በዚያ ጥግ ካለው እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት አስገቡ። ውሃው ትንሽ ያመነታና ዞሮ ወደ ሌላው ጥግ መሄድ ይጀምራል። የመሬት ቅርፊትም እንደዚህ ዘንበል ይላል፤ ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚነሳ መሬት በ1 ሚሊዮን ዓመት 1,000 ሜትር ከፍ ይላል። 3 ሳንቲ ሜትር ለምትቆጠርበት ወንዝ ይሄ ግድግዳ ነው።

አማዞን ድሮ ወደ ምዕራብ ይፈስ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ቢያንስ ሰፊው የተፋሰሱ ክፍል። ዛሬ ውሃው ከአንዲስ ተራሮች ተነስቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አትላንቲክ ይወርዳል። የአንዲስ ተራሮች እንደዛሬው ሳይገዝፉ በፊት ግን የአህጉሩ ከፍታ በምሥራቅ በኩል ስለነበር ውሃው ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞር ነበር።

ከዚያ አንዲስ ተነሳ። ተራራው ቀስ እያለ ሲያድግ የወንዙን መውጫ በምዕራብ በኩል ዘጋው፣ ውሃውም መሄጃ አጥቶ ተኛ። ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያለበት የምዕራብ አማዞን ክፍል ለሚሊዮኖች ዓመታት ግዙፍ ረግረግና ሐይቅ ነበር። የስነ ምድር ሰዎች የፔባስ ሥርዓት ይሉታል። በውስጡ የኖሩት ቀንድ አውጣዎችና ዛጎሎች ቅሪት ዛሬም ከወንዙ ዳርቻ ጭቃ ውስጥ ይወጣል።

ተራራው ዘጋ ብቻ ሳይሆን አፈሩንም አወረደ። ዝናቡ ተራራውን እየሸረሸረ ደለል ያመጣል፣ ደለሉ ረግረጉን ይሞላል፣ በምዕራብ በኩል ያለው መሬት ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ ይላል። ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጉድጓዱ ሞልቶ ውሃው በምሥራቅ በኩል ገነፈለ፣ መንገዱንም ጠርጎ አትላንቲክ ደረሰ። ይህ መቼ እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ ከባህር ነው፦ አትላንቲክ ወለል ላይ፣ ከወንዙ አፍ ፊት ለፊት በተከመረው ደለል ውስጥ ከአንዲስ የመጣ ጭቃ መታየት የጀመረው በዚያ ዘመን አካባቢ ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ወንዙን ያዞረው ደለል ወንዞቹ ራሳቸው ተሸክመው ያመጡት መሆኑ ነው።

ማንም ያላየውን ነገር እንዴት ያውቃሉ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ድንጋዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ማንበብ ከተቻለ።

ዚርኮን የሚባል ማዕድን አለ። ቅንጣቱ የአሸዋ ፍሬ ታክላለች፣ በጣም ጠንካራ ናት፣ በውስጧም ትንሽ ዩራኒየም ትይዛለች። ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚቀየር የቅንጣቷን ዕድሜ ማስላት ይቻላል። በ2006 ይፋ በሆነ ጥናት በአማዞን መካከለኛ ክፍል ባለ የጥንት አሸዋ ድንጋይ ውስጥ የተገኙት ዚርኮኖች ከአንዲስ ሊመጡ የማይችሉ ናቸው ተባለ። ዕድሜያቸው ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ያረጀ አለት ያለው በምሥራቅ ነው። አሸዋ ደግሞ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ያመጣው ውሃ ከምሥራቅ ነበር የመጣው።

ላቦራቶሪ የማይፈልግ ማስረጃም አለ። ጠፍጣፋ ጠጠሮችን ወንዝ ሲያስቀምጥ እንደ ጣሪያ ሸክላ አንዱን በአንዱ ላይ ያስደግፋቸዋል። የላይኛው ጫፋቸው ውሃው ወደሚሄድበት ያዘመመ ይሆናል። ወንዙ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው እንኳ ጠጠሮቹ ወደዚያው እንዳዘመሙ ድንጋይ ይሆናሉ።

እኔ በጣም የምወደው ግን የገባር ወንዞች ማስረጃ ነው። ገባር ከዋናው ወንዝ ጋር ሲገናኝ ብዙውን ጊዜ ፊቱን ወደ ቁልቁል አድርጎ፣ ሰያፍ ገብቶ ነው የሚቀላቀለው። ኡጋንዳ ውስጥ ካፉ የሚባለውን ወንዝ ካርታ ላይ ብታዩት ነገሩ ግራ ያጋባል። ወንዙ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል፣ ገባሮቹ ግን ወደ ምዕራብ ያዘነበሉ ናቸው፣ ሁሉም ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ የሚጠቁሙ ይመስላሉ። ገባሮቹ አልተሳሳቱም። የተገናኙት ወንዙ ወደ ምዕራብ ይፈስ በነበረ ጊዜ ነው። ካፉ፣ ካቶንጋና ካጌራ ድሮ ወደ ምዕራብ ነበር የሚወርዱት። የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ክንድ ትከሻ ከፍ ሲል መሬቱ ወደ ኋላ ዘመመ፣ ወንዞቹም ተመለሱ። የተመለሰው ውሃ መሀል ላይ ተጠራቀመና ቪክቶሪያ ሐይቅ ተፈጠረ። ከዚያ በስተሰሜን ያለው ኪዮጋ ሐይቅ ደግሞ በውሃ የተዋጠ የወንዝ ሸለቆ ስለሆነ፣ ከላይ ሲታይ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ይመስላል። ቪክቶሪያ በስፋቱ ከአፍሪካ አንደኛ ሆኖ ጥልቀቱ ቢበዛ 80 ሜትር አካባቢ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው፤ የተኛው ገደል ውስጥ ሳይሆን ዘንበል ባለ ሜዳ ላይ ነው።

ወንዝ ወንዝን ይሰርቃል ሲባል ምን ማለት ነው?

ይጠልፋል ቢባል ይሻላል። ገበሬ ቦይ ቀዶ ወንዝ እንደሚጠልፈው፣ ወንዝም ወንዝን ይጠልፋል።

ወንዝ ወደ ታች ብቻ የሚቆፍር ይመስለናል። ወደ ራስጌውም ይቆፍራል። ምንጩ ያለበትን ገደል ከሥር እየበላ፣ እየናደ፣ በየዓመቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይገፋል። አሁን ሁለት ወንዞች በአንድ ተራራ ግራና ቀኝ ጀርባ ለጀርባ ሆነው አስቡ። አንደኛው ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉልበተኛ ነው። ያ ወንዝ ተራራውን ከበስተጀርባ በልቶ፣ በልቶ አንድ ቀን ከሌላው ወንዝ መሄጃ ላይ ይደርሳል። የሌላው ውሃ ዝቅ ያለ መንገድ ስላገኘ ይታጠፍና በዚያ ይወርዳል። የተጠለፈው ወንዝ የታችኛው ክፍል ይደርቃል ወይም ሸለቆው የማይመጥነው ቀጭን ጅረት ይሆናል። ተራራው መሀል ላይ ደግሞ ውሃ የማያልፍበት፣ ነፋስ ብቻ የሚያልፍበት በር ይቀራል።

ዛሬም እየተካሄደ ያለ ጠለፋ አለ። ቬንዝዌላ ውስጥ ካሲኪያሬ የሚባል የተፈጥሮ መስመር ከኦሪኖኮ ወንዝ ውሃ ተካፍሎ በሪዮ ኔግሮ በኩል ወደ አማዞን ይወስዳል። ጀርመናዊው ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1800 በጀልባ ተጉዞበታል። ሁለት ግዙፍ ተፋሰሶች በአንድ የተፈጥሮ ቦይ መገናኘታቸው ያስገርማል፤ ጥናቶች እንደሚሉት አማዞን የኦሪኖኮን ራስጌ ቀስ በቀስ እየወሰደ ነው።

ፈጣኑን ካየን ደግሞ ካናዳ ዩኮን ውስጥ ያለው የስሊምስ ወንዝ አለ። ውሃውን የሚያገኘው ካስካዉልሽ ከሚባል የበረዶ ግግር ነበር። ግግሩ በሙቀት እየሸሸ ሄዶ፣ በግንቦት 2016 መጨረሻ ላይ የቀለጠው ውሃ በበረዶው ውስጥ አዲስ ቦይ ከፈተና ወደ ሌላ ወንዝ ዞረ። አራት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። ወደ ቤሪንግ ባህር ይሄድ የነበረው ውሃ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ መውረድ ጀመረ፣ የስሊምስ ወለልም አቧራ የሚነሳበት ሜዳ ሆነ።

በረዶም ወንዝ ያዞራል ማለት ነው?

በደንብ እንጂ። በበረዶ ዘመን ከሰሜን የሚወርደው ግግር ወንዝን እንደ ግድብ ይዘጋል። ቴምዝ ዛሬ ለንደን መሀል የሚያልፈው ከ450,000 ዓመት ገደማ በፊት በረዶ ወደ ደቡብ ስለገፋው ነው፤ ከዚያ በፊት ከለንደን በስተሰሜን ነበር የሚያልፈው። የአሜሪካው ሚዙሪም ወደ ሰሜን፣ ወደ ሃድሰን ወሽመጥ ይፈስ የነበረ ወንዝ ነው። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ሁለቱም አዲሱን መንገድ ለምደው ቀሩ።

ሜዳ ላይ ያለ ወንዝ ለምን ይጠማዘዛል? ቀጥ ብሎ አይሄድም?

መልሱ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ አለ። ቅጠል ያለበት ሻይ በማንኪያ አማስሉና ማንኪያውን አውጡ። ቅጠሎቹ ወደ ዳር የሚሄዱ ይመስላችኋል፣ ግን መሀል ላይ፣ ከታች ይሰበሰባሉ። አልበርት አንስታይን በ1926 ይህንኑ ጉዳይ ከወንዝ ጥምዝ ጋር አያይዞ ጽፎበታል። የሚዞር ውሃ ወደ ውጭ ይገፋል። ከታች ያለው ውሃ ግን ከወለሉ ጋር ስለሚፋተግ ይዘገያል፣ ስለዚህ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይመለሳል፣ ቅጠሉንም ይዞ ይሄዳል።

ወንዝ ጥምዝ ላይ ሲደርስ የሚሆነው ይኸው ነው። ላይኛው ፈጣን ውሃ የውጭውን ዳርቻ ይመታል፣ ከሥሩ ይበላዋል፣ አፈሩ ይናዳል። ከታች ያለው ውሃ አሸዋውን ይዞ በውስጠኛው ዳርቻ ይጥላል። ስለዚህ ጥምዙ በየዓመቱ ይሰፋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው፤ ዘንድሮ አንድ ክንድ፣ ለከርሞ አንድ ክንድ። መጨረሻ ላይ የጥምዙ ሁለት አንገቶች ይጠጋጉና አንድ ጎርፍ ሲመጣ ወንዙ በአቋራጭ ይቆርጣል። የተተወው ጥምዝ የማጭድ ቅርጽ ያለው ሐይቅ ሆኖ ይቀራል።

አሜሪካ ውስጥ ቪክስበርግ የምትባለው የወደብ ከተማ ይህ ደርሶባታል። በሚያዝያ 1876 ሚሲሲፒ አንዱን ጥምዝ ቆርጦ ሄደና ከተማዋ ያለ ወንዝ ቀረች። ለ27 ዓመት ያህል ቆይታ፣ በ1903 ያዙ የሚባለው ሌላ ወንዝ በቦይ ተመርቶ እንዲደርሳት ተደረገ።

በአንድ ሌሊት መንገድ የሚለቀውስ?

ይሄኛው በጣም አደገኛው ነው፣ ጠንቅቀን ልናውቀው የሚገባውም እሱ ነው።

ደለል የበዛበት ወንዝ ሜዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንሳል። የተሸከመውን ደለል ወለሉ ላይ ይጥላል። ወለሉ ከፍ ይላል። ዳርና ዳሩም ከፍ ይላል። ሰው ደግሞ ጎርፍ እንዳይመጣ ክትር ይሠራል፤ ያኔ ደለሉ መሄጃ አጥቶ ክትሮቹ መሀል ይከመራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወንዙ ከአካባቢው ሜዳ በላይ ተንጠልጥሎ ይፈሳል። የቻይናው ቢጫ ወንዝ በአንዳንድ ቦታ ወለሉ ከዳር ካለው ሜዳ 10 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከመንደር ጣሪያ በላይ የሚሄድ ወንዝ ማለት ነው! እንዲህ ያለ ወንዝ አንድ ቀዳዳ ካገኘ አይመለስም። በ1855 ክትሩን ሰብሮ ከሻንዶንግ ባሕረ ገብ መሬት በስተደቡብ የነበረውን አፉን ትቶ በስተሰሜን ወጣ። በ1938 ደግሞ የጃፓንን ጦር ለማስቆም ተብሎ ክትሩ ሆን ተብሎ ተሰበረ፣ ብዙ መቶ ሺህ ሰው አለቀ። ወንዙ ወደ ሰሜኑ መንገድ የተመለሰው በ1947 ነው።

ኮሲም አለ። ከሂማላያ ወርዶ በኔፓል በኩል ወደ ሕንድ ቢሃር ይገባል። ከ200 ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ደለሉን እየጣለ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ተንፏቀቀ፣ ከዚያ በክትር ተይዞ ቆየ። ነሐሴ 18 ቀን 2008 ክትሩ ኔፓል ውስጥ ተሰበረና ወንዙ ወደ ምሥራቅ፣ ድሮ ወደተዋቸው መሄጃዎች ገባ። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጎዱ፤ ብዙዎቹ ጎርፍ በማያሰጋው ሜዳ የሚኖሩ ይመስላቸው ነበር። እጅግ የሚያሳዝነኝ ነገር፣ ያን ቀን የወንዙ ሙላት ክትሩ ይችለዋል ከተባለው መጠን በጣም ያነሰ መሆኑ ነው። ክትሩን ለአደጋ ያጋለጠው ለዓመታት የተከመረው ደለል ነበር።

የመሬት መንቀጥቀጥ ወንዝ ያዞራል?

ለጥቂት ሰዓታትም፣ ለዘላለምም ሊያዞር ይችላል። የካቲት 7 ቀን 1812 አሜሪካ ውስጥ በኒው ማድሪድ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ የሚሲሲፒ ወለል ተነስቶ ወንዙ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ኋላ ፈሷል። ያኔ የሰመጠው መሬት ዛሬ ሪልፉት የሚባል ሐይቅ ነው።

በየዓመቱ የሚዞርም አለ፤ የካምቦዲያው ቶንሌ ሳፕ። በክረምት ሜኮንግ ሲሞላ ውሃው ወደ ሐይቁ ይመለሳል፣ ሜኮንግ ሲጎድል ደግሞ ከሐይቁ ይወጣል። እዚህ ላይ የተነሳ መሬት የለም፤ ከፍና ዝቅ የሚለው ውሃው ነው።

ወንዝ ወደ ሰሜን መፍሰስ ይችላል? የምድር መሽከርከርስ ያዞረዋል?

ወደ ሰሜን መፍሰስ ምንም ልዩ ነገር የለውም። ሰሜን ከላይ የሆነው ካርታው ላይ ነው። ናይል፣ ሌና፣ ራይን ሁሉም ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። የምድር መሽከርከር በወንዝ ላይ ያለው ግፊት አለ፣ ግን ከተዳፋቱና ከጥምዙ ጉልበት አንጻር ከቁጥር አይገባም።

ሰው ሊያስቆመው ይችላል?

ለጊዜው። ሚሲሲፒ ላለፉት 7,000 ዓመታት በየ1,000 እና 1,500 ዓመቱ ገደማ አፉን ሲቀይር ኖሯል። አሁንም መቀየር ይፈልጋል፦ አቻፋላያ በሚባለው መንገድ ቢሄድ የሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ላይ የሚደርሰው በግማሽ ርቀት ነው። ይህ እንዳይሆን በ1963 ትልቅ የመቆጣጠሪያ ግንባታ ተጠናቆ ከውሃው 30 በመቶው ብቻ ወደ አቻፋላያ እንዲሄድ ተደረገ። በ1973 ጎርፍ ግንባታው ሥሩ ተበልቶ ለጥቂት ተረፈ። ያን ጊዜ ቢወድቅ ኖሮ ኒው ኦርሊንስ ዋናው ወንዝ በሌላ በኩል የሚሄድባት ከተማ ትሆን ነበር።

ወንዝ የአገር ድንበር ከሆነና ከሄደ ድንበሩም ይሄዳል?

በተለምዶ ያለው ሕግ፦ ወንዙ ቀስ ብሎ ከተንሸራተተ ድንበሩ አብሮት ይሄዳል፣ በድንገት ከዘለለ ግን በድሮው ቦታ ይቀራል። በተግባር ቀስ ብሎና በድንገት የሚለውን መለየት ከባድ ነው። አሜሪካና ሜክሲኮ በሪዮ ግራንዴ ምክንያት ቻሚሳል በሚባል መሬት ላይ መቶ ዓመት ያህል ተጨቃጭቀው በ1963 ነው የተስማሙት። ከዚያ ወንዙን በኮንክሪት ቦይ ውስጥ አስገቡት።

የድሮ ወንዝ መሄጃ እኔ ራሴ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ እንድታዩም እመክራለሁ፤ በተለይ ሜዳ ላይ ቤት ለመሥራት ወይም መሬት ለመግዛት ካሰባችሁ። ስልካችሁ ላይ የሳተላይት ካርታ ክፈቱና በማንኛውም ሜዳ ላይ የሚሄድ ወንዝ ፈልጉ። ከዳር የማጭድ ቅርጽ ያላቸው ሐይቆች ታያላችሁ። ሐይቁ ከደረቀም ቅርጹ ይቀራል፦ ጎበጥ ያለ የእርሻ ማሳ፣ ያለምክንያት የተጠማዘዘ የዛፍ ረድፍ፣ በበጋ ዙሪያው ደርቆ እሱ ብቻ አረንጓዴ የሆነ ጠባብ መስመር። ከሥሩ ያለው አፈር እርጥበት ይይዛል። በአሸዋ የተቀበሩትን ለማየት ግን ራዳር ያስፈልጋል። በ1981 ከጠፈር መንኮራኩር የተነሳ የራዳር ምስል ከሰሃራ አሸዋ ሥር፣ በደቡብ ግብፅና በሰሜን ሱዳን፣ የጠፉ ወንዞችን ሸለቆዎች አሳይቷል።

መሬት ላይ ደግሞ ጉድጓድ ሲቆፈር ቆማችሁ ተመልከቱ። ከአፈሩ ሥር ድቡልቡልና ለስላሳ ጠጠር ከወጣ፣ እንደዚያ የሚያለሰልሰው ብዙውን ጊዜ የውሃ ጉልበት ስለሆነ፣ ወንዝ አልፎበት ሊሆን ይችላል። ቆፋሪው ግድግዳውን ሳይንደው በፊት፣ ጠፍጣፋ ጠጠሮችም ካሉ፣ የላይኛው ጫፋቸው ወደየት እንዳዘመመ እዩ። ወንዙ የሄደው ወደዚያ ነው።